የታሰረ ሰው ይመርጣል? ከጅማ ማረሚያ ቤት በር የሚነሳ የመብት፣ የመታወቂያና የአድራሻ ጥያቄ

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ጅማ ላይ ከሚነሱ ጥያቄዎች አንዱ የታሰረ ሰው ይመርጣል ወይስ አይመርጥም የሚለው ነው። መርካቶ ዙሪያ ቡና ሲጠጣ እንደማንኛውም ወሬ ይነሳና ያልፋል፤ በማረሚያ ቤቱ በር ስንቅ ይዘው ተራ ለሚጠብቁ ቤተሰቦች ግን ክብደቱ ሌላ ነው። አንዱ «ከታሰረ ወዲያ ምን ምርጫ አለው» ይላል። ሌላዋ «ወንድሜ ገና አልተፈረደበትም፤ ማን ከለከለው?» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ መታወቂያ ካለው ይመርጣል፣ ከሌለው አይመርጥም ብሎ ይቆርጣል።

ሦስቱ ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ የሚያወሩት ስለ ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ስለ መብት፣ ሁለተኛዋ ስለ ፍርድ፣ ሦስተኛው ስለ ማስረጃ ይናገራል። ሳይነሳ የሚቀር አራተኛ ጉዳይም አለ፤ እሱም አድራሻ ነው፤ ድምፁ የየትኛው ወረዳ ድምፅ ሆኖ ይቆጠራል የሚለው። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ነጣጥሎ ለማየት ይሞክራል። ካልተፈረደበት እስረኛና ከምርጫው መካከል የሚቆመው ሕጉ ሳይሆን ወረቀቱ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ከግቢው ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ አይደሉም

በተለምዶ «እስረኛ» የምንለው ሰው በሕግ ፊት የተለያየ ቦታ አለው። ፖሊስ ጣቢያ ያለ ተጠርጣሪ አለ፤ ምርመራው ያላለቀ፣ በጊዜ ቀጠሮ የሚመላለስ። ክስ ተመሥርቶበት ዋስትና ያልተፈቀደለት ወይም ዋስ ያጣ፣ ማረሚያ ቤት ሆኖ ፍርዱን የሚጠብቅ አለ። የተፈረደበት፣ በይፋ አጠራር ታራሚ የሚባለው አለ። ከፍርደኞችም መካከል ፍርድ ቤቱ ከእስራቱ በተጨማሪ የመምረጥ መብቱን በትእዛዝ የነሳው አለ።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነገሩ ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይጠብቀዋል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም አለ። የዚህን ቃል ኪዳን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው አጠቃላይ ማብራሪያ፣ ነፃነታቸውን ያጡ ነገር ግን ያልተፈረደባቸው ሰዎች ከመምረጥ ሊገለሉ እንደማይገባ አስቀምጧል። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 አገሪቱ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የሕጓ አካል ያደርጋል። ስለዚህ በማረሚያ ቤት በር ላይ «ገና አልተፈረደበትም» ያለችው እህት መሠረት አላት።

የፍርደኛው ጉዳይ ክርክር አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 123 የወንጀሉ ዓይነትና ሁኔታ የሚጠይቅ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛውን ከሕዝባዊ መብቶቹ ሊሽረው እንደሚችል ይናገራል፤ በዝርዝሩ ውስጥ መምረጥና መመረጥ በስም ተጠቅሰዋል። አንዳንድ የሕግ ሰዎች ከዚህ ተነስተው፣ ዳኛው ለይቶ ካልሻረው በቀር መታሰር በራሱ የመምረጥ መብትን አይወስድም ይላሉ። እስራት ማለት ነፃነትን መገደብ ነው፣ ነፃነቱ የተገደበ ሰው የምርጫ መብቱም አብሮ ይገደባል የሚሉም አሉ። የምርጫ ሕጉ የመምረጥ መብቱ በሕግ የተገደበ ሰው እንዳይመዘገብ ስለሚያደርግ፣ ክርክሩ «በሕግ የተገደበ» ማለት ምን ማለት ነው ወደሚለው ይመለሳል። በበኩሌ የመጀመሪያው አነባበብ ሚዛን ይደፋል እላለሁ። እስራት ሁሉ መብቱን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ ለዳኛው እንዲሽር ለብቻው ሥልጣን መስጠት ለታሰረ ሰው ትርጉም አይኖረውም ነበር።

መታሰር ከምርጫ ጋር እንደማይጣላ ያሳየ አንድ የቅርብ ጉዳይም አለ። በ2013ቱ ምርጫ ዋዜማ በእስር ላይ የነበሩ የባልደራስ ለእውነተኛ ዲሞክራሲ ፓርቲ ዕጩዎች ጉዳይ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በዕጩነት እንዲመዘገቡ ወስኗል። ታስሮ መመረጥ የሚቻል ከሆነ፣ ሳይፈረድበት የታሰረ ሰው መምረጥ አይችልም የሚል መከራከሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

መታወቂያው የት ነው ያለው?

መብቱ አለ ካልን የሚቀጥለው በር ማንነትን ማስረዳት ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

አንድ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ይፈተሻል። ስልኩ፣ ገንዘቡ፣ ቀበቶው፣ የጫማው ክር፣ የኪስ ቦርሳው ከነመታወቂያው ይያዛል። የተወሰነው በንብረትነት ይመዘገባል፤ ለምርመራ የተፈለገው ኤግዚቢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰውየው ወደ ማረሚያ ቤት ሲዛወር መታወቂያው አብሮት ሊሄድም ላይሄድም ይችላል። ጣቢያው ካዝና ውስጥ ቀርቶ፣ ከመዝገቡ ጋር ተጣብቆ፣ ወይም ቤተሰብ ልብስ ሲወስድ አብሮ ወስዶት ይሆናል። ስንቅ የምታቀብለው እህት በሩ ላይ የራሷን መታወቂያ አስይዛ ትገባለች፤ የወንድሟ መታወቂያ ግን በማን እጅ እንዳለ የሚነግራት ላይኖር ይችላል።

መታወቂያው ቢገኝም ዕድሜ አለው። የቀበሌ መታወቂያ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበታል፤ ለማሳደስ ባለቤቱ በአካል መቅረብ፣ ፎቶ ማምጣትና መፈረም አለበት። መንደራ ቆጪ ወይም ሄርማታ መርካቶ ቀበሌ የሚገኝ ቢሮ የማረሚያ ቤቱን አጥር አልፎ አያድስም፤ እስረኛውም በጠባቂ ታጅቦ ለመታወቂያ እድሳት አይወጣም። ክሱ አንድ ሁለት ዓመት ከወሰደ፣ ሲገባ ሕጋዊ መታወቂያ የነበረው ሰው ሳይፈረድበት ማስረጃ የሌለው ሰው ይሆናል።

የስም ጉዳይም ቀላል አይደለም። ኦሮሚያ ውስጥ ቀበሌው የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ፣ የሚጽፈውም በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። ጫላ የተባለ ሰው ስሙ በቁቤ Caalaa ተብሎ ሲጻፍ፣ ፓስፖርት ላይ በእንግሊዝኛ ሥርዓት Chala ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ጉዳዩ በፌዴራል ሕግ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ክሱ ላይ ስሙ በአማርኛ ሊሰፍር ይችላል፤ አንዱ መዝገብ የአያት ስም ይጨምራል፣ ሌላው ይተወዋል። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ለሚያይ መዝጋቢ አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ይቀርባል።

በቡና ለቀማ ወቅት ሌላ ነገር ይጨመራል። ከጥቅምት ጀምሮ ወደ ጎማ፣ ማናና ሊሙ ወረዳዎች የቀን ሠራተኛ ከሩቅ ይመጣል። ከእነዚህ መካከል የታሰረ ሰው መታወቂያው ከመጣበት አገር ነው፤ ወይም ጭራሹኑ የለውም። ስንቅ የሚያቀብለው ዘመድ በሌለበት መታወቂያ የሚፈልግለት ሰው ከየት ይመጣል?

ከአጥር ውጭ ላለ ሰው ለማስረጃ እጦት የቆየ መላ አለ፤ የሰፈር ሰው ምስክርነት። መታወቂያ የጠፋባቸው ወይም ያላወጡ ሰዎች በሚያውቋቸው ነዋሪዎች ምስክርነት ተመዝግበው መርጠዋል። ይህ መላ የቆመው በጉርብትና ላይ ነው፤ የእድር አባሉ፣ የቀበሌ ሽማግሌው ሰውየውን ያውቀዋል። ማረሚያ ቤት ውስጥ ጎረቤት ማን ነው? የቤቱ ካቦ፣ ማለትም የእስረኞቹ አለቃ? አብሮት የታሰረው? ጠባቂው? ሁሉም ያውቁታል፤ ግን ካቦውም ጠባቂውም በእስረኛው ላይ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ምስክርነታቸው ውለታ ወይም ማስፈራሪያ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ከአገሩ ሰው ሁሉ መንግሥት ማንነቱን አጣርቶ የያዘው እስረኛውን ነው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብቷል፣ መዝገብ ቁጥር አለው፣ አሻራ ሰጥቷል፣ ጠዋትና ማታ ይቆጠራል። በቆጠራው ላይ አንድ ሰው ቢጎድል ማን እንደጎደለ በስም ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ሰው በምርጫ ምዝገባ ቀን ማንነትህ አልታወቀም ማለት ለእኔ አሳማኝ አይደለም። ነገር ግን የማረሚያ ቤቱ መዝገብ ሁሉን አይመልስም። ዕድሜው በአፍ ተነግሮ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ዜግነቱን አያረጋግጥም፤ ለመራጭነት የሚጠየቀውን በምርጫ ክልሉ 6 ወር መኖሩንም አያሳይም። ስለዚህ መዝገቡ ጥሩ መነሻ ነው እንጂ ብቻውን አይበቃም።

ድምፁ የየት ይሆናል?

የምርጫ ሥርዓታችን የተሠራው በአብላጫ ድምፅ ላይ ነው። አገሪቱ በምርጫ ክልሎች ትከፋፈላለች፤ በየክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ያሸንፋል። በጅማ ማረሚያ ቤት ሊገኙ የሚችሉት ታሳሪዎች ደግሞ የጅማ ከተማ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ከሰጠማ፣ ከጌራ፣ ከኦሞ ናዳ፣ ከዴዶ፣ ከሰቃ ጮቆርሳ የመጣ ሰው አለ። የሰጠማው ሰው ለማን ይምረጥ?

አንደኛው መንገድ ማረሚያ ቤቱን እንደ መኖሪያ ቆጥሮ፣ 6 ወር ያለፋቸውን በጅማ ከተማ የምርጫ ክልል መመዝገብ ነው። ለአሠራር ቀላል ነው፤ አንድ ዓይነት የድምፅ መስጫ ወረቀት ይበቃል። ጉዳቱ ግን ግልጽ ነው። ሰውየው ስለ ከተማው ዕጩዎች የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስለ ሰጠማ መንገድና ትምህርት ቤት ግን ያሳስበዋል። የከተማው ነዋሪም ከሌላ ወረዳ በመጡ ሰዎች ድምፅ ወኪሌ ተወሰነ ሊል ይችላል። ጠባብ ልዩነት ባለበት ክልል ይህ ቅሬታ ወደ ክስ ማደጉ አይቀርም።

ሁለተኛው መንገድ ድምፁ ወደ ቀድሞ መኖሪያው እንዲሄድ ማድረግ ነው። ፍትሐዊ ነው፤ ግን ለየወረዳው የተለያየ ወረቀት፣ የታሸገ ፖስታና ርክክብ ይጠይቃል። አንድ ረቂቅ አደጋም አለበት። ከጌራ አንድ እስረኛ ብቻ ቢኖርና ወረቀቱ ለብቻው ቢቆጠር፣ ማንን እንደመረጠ ጠባቂውም ዕጩውም ያውቃሉ። የድምፅ ምስጢርነት የሚጠበቀው ፖስታው ሳይከፈት ጌራ ደርሶ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ሲቆጠር ብቻ ነው። ትንሽ ዝርዝር ይመስላል፤ እስረኛው ሳይፈራ መምረጥና አለመምረጡ ግን በዚህች ዝርዝር ላይ ይንጠለጠላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ሕጋችን ባዶ እጁን አይደለም። ልዩ የምርጫ ጣቢያ የሚባል አሠራር አለ፤ ከመደበኛ መኖሪያቸው ርቀው በካምፕ ለሚኖሩ ወታደሮችና ሲቪል ሠራተኞች፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች፣ ለተፈናቃዮች የሚያገለግል ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለባት ጅማ ከቤቱ ርቆ የሚኖር መራጭ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች። የማረሚያ ቤቱም ጥያቄ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ልዩነቱ ተማሪው በራሱ እግር ወደ ጣቢያው መሄዱ፣ እስረኛው ግን ጣቢያው ወደ እሱ ካልመጣ የማይመርጥ መሆኑ ነው።

ከኬንያና ከደቡብ አፍሪካ

ኬንያ ውስጥ እስረኞች እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ላይ በፍርድ ቤት ውሳኔ ድምፅ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንት መረጡ። ለመመዝገብ ብሔራዊ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያስፈልግ ነበር። በ2022 የተመዘገቡት እስረኞች ከ7,000 ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ፤ የአገሪቱ እስረኞች ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ለዚህ ልዩነት ሌላም ምክንያት ይኖራል፤ መታወቂያ አለመኖሩ ግን ዋና መሰናክል ሆኖ በተደጋጋሚ ሲነሳ ቆይቷል።

ኬንያ የአድራሻውን ችግር ያለፈችው በአቋራጭ ነው። እስረኛው የሚመርጠው ፕሬዚዳንቱን ብቻ ስለሆነና ፕሬዚዳንቱ በመላ አገሪቱ ድምፅ ስለሚመረጥ፣ የት እንደታሰረ ለውጥ አያመጣም። ይህ አቋራጭ ለእኛ አይሠራም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ዜጋው የሚሰጠው ድምፅ፣ ለፓርላማም ሆነ ለክልሉ ምክር ቤት ለጨፌ ኦሮሚያ፣ ከምርጫ ክልል ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ የኬንያን ልምድ እንዳለ እናምጣ የሚለው ሐሳብ ደጋግሞ ቢነሳም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

የደቡብ አፍሪካው ታሪክ ለመታወቂያው ክርክር ይበልጥ ይቀርባል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1999 መጀመሪያ ላይ፣ ፓርላማው በሕግ ካልገደባቸው በቀር እስረኞች የመምረጥ መብት እንዳላቸውና የምርጫ ኮሚሽኑ ሊያዘጋጅላቸው እንደሚገባ ወሰነ። በዚያው ወር ደግሞ፣ በሌላ ጉዳይ፣ መራጮች ባርኮድ ያለው መታወቂያ እንዲይዙ የሚያስገድደው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም አለ። ሁለቱ ውሳኔዎች አብረው ሲነበቡ የሚሰጡት ትምህርት አለ። መታወቂያ መጠየቅ በራሱ ስህተት አይደለም። ነገር ግን መታወቂያውን የሚሰጠው መንግሥት፣ አስሮ የሚያስቀምጠውም መንግሥት ከሆነ፣ መታወቂያው እስረኛው ዘንድ እንዲደርስ የማድረግ ኃላፊነትም የመንግሥት ነው።

ፋይዳ መልስ ይሆናል?

አሁን አሁን ለማንነት ጥያቄ ሁሉ ፋይዳ ይጠቀሳል። ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ ዲጂታል መታወቂያ ነው፤ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ተወስዶ ለአንድ ሰው 12 አሃዝ ያለው አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ለእስረኛ ያለው ጥቅም ትልቅ ነው። ካርዱ ጣቢያ ቢቀር፣ ስሙ በሁለት ፊደል በሁለት ዓይነት ቢጻፍ፣ ጣቱ አንድ ነው። መዝጋቢው መሣሪያውን ይዞ ወደ ግቢው ሊገባ ስለሚችል እስረኛው ቀበሌ ድረስ መታጀብ አያስፈልገውም።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ። ፋይዳ የነዋሪነት መታወቂያ እንጂ የዜግነት ማስረጃ አይደለም፤ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ አገር ሰውም ሊያወጣ ይችላል። መምረጥ ደግሞ የዜጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይዳ «ይህ ሰው እሱ ራሱ ነው» የሚለውን ይመልሳል፣ «ይህ ሰው መራጭ ነው» የሚለውን አይመልስም። ሁለተኛው አድራሻ ነው። እስረኛው ግቢ ውስጥ ሲመዘገብ መኖሪያው ማረሚያ ቤት ተብሎ ቢጻፍ፣ ነገ በነፃ ቢለቀቅ እንኳ ባንክ ሲሄድ፣ ሥራ ሲጠይቅ የታሰረበት ዘመን አብሮት ይዞራል። ያልተፈረደበትን ሰው እንዲህ ምልክት ማድረግ ከባድ በደል ነው፤ መዝጋቢዎች የቀድሞ መኖሪያውን እንዲጽፉ ከአሁኑ መመሪያ ሊኖር ይገባል።

ተቃውሞዎቹን በቁም ነገር መውሰድ

የጸጥታው ስጋት እውነተኛ ነው። የፓርቲ ወኪሎች፣ ታዛቢዎች፣ ሳጥንና ወረቀት ወደ ግቢ ሲገቡ ፍተሻው ይከብዳል፤ ማረሚያ ቤቶቹ ደግሞ በሰውም በበጀትም የተትረፈረፉ አይደሉም። ግን ፍርድ ቤት፣ ሐኪምና የሃይማኖት አባት ወደ እስረኛው እንዲደርሱ የሚደረግበት ሥርዓት አለ፤ በአምስት ዓመት አንድ ቀን ምርጫ አስፈጻሚ ማስገባት ከዚያ የሚበልጥ ፈተና አይሆንም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። እስረኛ በጠባቂው ሥር ሆኖ በነፃነት መምረጥ አይችልም፣ ድምፁ የአለቃው ድምፅ ይሆናል የሚለው። ይህን ስጋት ማጣጣል አይቻልም። ምግቡ፣ ሕክምናው፣ ጠያቂ የሚያገኝበት ሰዓት በጠባቂው እጅ ያለ ሰው «ለእገሌ ምረጥ» ሲባል እንቢ ለማለት የሚከፍለው ዋጋ አለ። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው አይምረጥ የሚል መደምደሚያ አይመስለኝም፤ ጠባቂው ከድምፅ መስጫው ክፍል ይውጣ፣ የተፎካካሪ ፓርቲዎች ወኪሎች በእኩል ይግቡ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ይታዘብ የሚል ነው። ኮሚሽኑ ጅማ ላይ ቅርንጫፍ ስላለው ከአዲስ አበባ መምጣትን አይጠብቅም።

የተበዳዮች ጥያቄም አለ። ልጇ የተገደለባት እናት ገዳዩ ከእሷ እኩል ድምፅ ይስጥ ሲባል ብትከፋ ማንም ሊፈርድባት አይችልም። ለእሷ ያለው መልስ ዳኛው ጋ ነው። ከባድ ወንጀል ሲረጋገጥ መብቱን የሚሽርበት ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል፤ ጉዳዩን አይቶ፣ ምክንያቱን ጽፎ። በቀጠሮ ላይ ያለው ሰው ግን ገዳይ መሆኑ ገና አልታወቀም። ነገ በነፃ ሲሰናበት ያለፈውን ምርጫ የሚመልስለት የለም።

ከምዝገባው መዝጊያ በፊት

ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ላይ ነው። ለእስረኛው ወሳኙ ቀን ግን የመራጮች ምዝገባ የሚዘጋበት ነው። ሰው የሚመርጠው በተመዘገበበት ጣቢያ ስለሆነ፣ አጋሮ ተመዝግቦ ካርዱን ከወሰደ በኋላ የታሰረ ሰው ካርዱ ኪሱ ውስጥ እያለ ሊቀርበት ይችላል፤ ከምዝገባ በፊት ታስሮ ድምፅ ከመሰጠቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የተፈታውም ቤቱ ሆኖ ጎረቤቶቹ ተሰልፈው ሲመርጡ ያያል።

ይህን ለማቃለል አዲስ አዋጅ የማይጠይቁ ሥራዎች አሉ። ማረሚያ ቤቱ በቀጠሮ ላይ ያሉትን፣ የተፈረደባቸውንና በፍርድ ቤት ትእዛዝ መብታቸው የተሻረውን ለይቶ ዝርዝር ማዘጋጀት ይችላል፤ መረጃው መዝገቡ ውስጥ አለ። ፖሊስ ጣቢያዎች እስረኛ ሲያዛውሩ መታወቂያውን አብረው እንዲያስረክቡ፣ በርክክቡ ቅጽ ላይም «መታወቂያ» የሚል አንድ መስመር እንዲኖር ማድረግ ይቻላል። ቀበሌዎች በምዝገባው ሰሞን አንድ ሠራተኛ ማኅተም አስይዘው ለሁለት ቀን ወደ ግቢው ቢልኩ ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ ሁሉ ይታደሳል። ቤተሰቦችም እስከዚያው የሚያደርጉት ነገር አላቸው፦ መታወቂያው ቤት ካለ በስንቁ ቀን ይዞ ሄዶ ለመዝገብ ክፍሉ በፊርማ ማስረከብ፣ ጣቢያ ከቀረም የተያዘበትን ደረሰኝ ይዞ በጽሑፍ መጠየቅ። ጥያቄው በጽሑፍ ከቀረበ መልሱም በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል፤ ጉዳዩ ወደ ምርጫ ቦርድ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ቢያመራ በእጅ የሚገኘው ማስረጃ ያ ወረቀት ነው።